ፈረስ አዋቂው እና የኒሟ ጥላ

ቆላ ውስጥ ፈረስ የለም፤ የፈረስ አዋቂ ግን እንደ አሸን ፈልቷል! ካላመናችሁኝ ገንዳ ውሃ ከተማ ኑና መንገድ ዳር ቆማችሁ «ፈረስ እፈልጋለሁ» በሉ። ፈረሱን የሚያመጣላችሁ አታገኙም፤ ስለ ፈረስ የሚያስረዳችሁ ግን እስኪመሽ ይሰለፋል። አገሩ የግመልና የአህያ አገር ነው። ሙቀቱም፣ ዝንቡም፣ በሽታውም ለፈረስ አይመችም። ከደጋ የወረደ ፈረስ ክረምቱን በሕይወት ከተሻገረ ባለቤቱ ስለት ያስገባለታል። ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ከየት መጣ? እኔ እንጃ! ምናልባት ፈረስ በሌለበት የሚያርማችሁ ስለሌለ ይሆናል።

እኔ ወደዚህ የሊቃውንት ጉባኤ የገባሁት በትውልድ ቦታዬ ነው። ያደግኩት እንጅባራ አጠገብ ነው፤ እዚህ የወረድኩት ጂኦግራፊ ላስተምር ነው። እንጅባራ ያላችሁት እንደሆነ ደግሞ ለቆለኛው ሁሉ የሚታየው ፈረስ ነው። «የእንጅባራ ልጅ ነህ? እንግዲያማ ፈረስ ከእናትህ ሆድ ጀምረህ ነው የምታውቀው!» ይሉኛል። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ... እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አባቴ ፈረስ አልነበረውም። የጎረቤታችን ፈረስ ደግሞ በቀረብኩት ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ስለሚያጣብቅ፣ ትውውቃችን እሱ ከአጥር ወዲያ፣ እኔ ከአጥር ወዲህ ሆነን ነበር። ግን እናንተስ ብትሆኑ፣ ሰው በነጻ የሸለማችሁን ክብር «ይቅርብኝ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

ለማንኛውም መጀመሪያ ወደ ዛፏ ልውሰዳችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

የምኖረው በሐጅያ ዘሃራ ግቢ ነው። ሐጅያ ገበያው ውስጥ የሱዳን ሽቶና ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሲናገሩ የማይደግሙ ሴት ናቸው። የሚያከራዩን ክፍሎች ግድግዳቸውም ጣሪያቸውም ቆርቆሮ ነው። እናንተ ደገኞች ሙቀት የምትሉት ከምሳ በኋላ የሚያስዛጋችሁን ነገር ነው። የእኛ ከየካቲት ጀምሮ ቆርቆሮ ውስጥ ያለን ሰው ያበስላል። ቀን እረፍት፣ ማታ እንቅልፍ የሚገኘው ጠፍር አልጋን ይዞ በመውጣት ነው። የግቢው መሀል ላይ አንዲት የኒም ዛፍ አለች። ጥላዋ የሚበቃው ለአንድ አልጋ ነው። ተከራዮቹ ግን ሁለት ነን!

ሁለተኛው ተከራይ መኩሪያ ይባላል፤ የሳንጃ ልጅ፣ የሰሊጥ ደላላ። አምና በጋውን ሙሉ ስንጋደል ነው ያሳለፍነው። እሱ ቦታ ለመያዝ ቅርንጫፉ ላይ ሸሚዙን ይሰቅላል፤ እኔ ሸሚዙን አውርጄ የአፍሪካን ካርታ እሰቅላለሁ። እሱ አልጋዬን ወደ ፀሐዩ ይጎትታል፤ እኔ የእሱን ወደ ዶሮዎቹ እጎትታለሁ። ትልልቅ ሰዎች ነን እኮ! ሙቀት ግን ትልቅ ሰው አያውቅም። ዘንድሮ ጥር ሳይጋመስ መኩሪያ አልጋውን አውጥቶ ከዛፏ ሥር ተከለው።

«ምነው ጃል፣ ገና ብርዱ አልወጣም እኮ!» አልኩት።

«እየተለማመድኩ ነው።»

«በሰው ቦታ ነው የምትለማመደው?»

«የሰው ቦታ? ካርታህ ላይ ስምህ ተጽፏል እንዴ?»

ድምፃችን ከፍ አለ። ሐጅያ ከሱቅ እየተመለሱ ኖሮ በሩ ላይ ቆመው ሰሙን።

«ወላሂ ጭቅጭቃችሁ ገበያ ድረስ ይሰማል!» አሉ። «እኔ የእናንተ ዳኛ ነኝ? በጥምቀት ማግሥት ሜዳው ላይ ፈረስ ይጋለባል ተብሏል። አንተ መምህር፣ ፈረስ አውቃለሁ ትላለህ። አንተም መኩሪያ፣ አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ እያልክ ጆሮዬን አደንቁረሃል። የሚቀድመውን ፈረስ የመረጠ ዛፉን ይውሰድ።»

«ሁለታችንም ብንስትስ ሐጅያ?» አለ መኩሪያ እየሳቀ።

«እኔም አንድ እመርጣለሁ። የእኔ ከቀደመ ዛፉ የእኔ ይሁን። ተስማማችሁ?»

ተያየንና ሳቅን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽቶ የሸጡ ሴትዮ ስለ ፈረስ ምን ያውቃሉ? «ይምረጡ ሐጅያ፣ ምን ቸገረን!» አልን በአንድ አፍ።

«ኸላስ!» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ሐጅያ «ኸላስ» ካሉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

በጥምቀት ማግሥት ጠዋት ሜዳው ላይ ተገኘን። ውድድሩ ጉግስ አይደለም፤ ጋሻ የለ፣ ዱላ የለ፣ ዝላይ የለ። ማሽላው ከታጨደበት ማሳ ጫፍ ተነስቶ ወዲያኛው ጫፍ እስከ ቆመው ቀይ ትራክተር ድረስ በቀጥታ መጋለብ ነው። ከዚህ የቀለለ ውድድር ሊኖር አይችልም። ሕዝቡ ግን እንዲህ ቀላል ነገር ላይ የማይሰጠው ትንተና አልነበረም። የትራክተር ኦፕሬተሮቹ ሰብሰብ ብለው ቆመዋል። አንዱ የአንድ ፈረስ ሳል ሰምቶ «ኖዝሉ መታጠብ አለበት» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ማርሹ ነው፤ ሦስተኛ አይገባለትም» ይለዋል። ግመል ነጋዴው ደግሞ ፈረሱን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ «ሻኛው የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ዓይኔ እያየ! እኔ ከነዚህ መሀል እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ግንባሬን ከስክሼ ስንጎራደድ ብታዩኝ ኖሮ እውነትም አዋቂ በመሰልኳችሁ ነበር።

ተወዳዳሪዎቹ አራት ናቸው። በየተራ ላቅርብላችሁ።

አንደኛው የሳንጃው ቡላ ፈረስ ነው። በጭነት መኪና ተጭኖ ነው የመጣው። መኩሪያ ገና ሲያየው «የአገሬ ልጅ!» ብሎ እጁን ዘርግቶ ሄደ። የአገሩ ልጅ ከመኪናው ወረደ፣ ዙሪያውን ተመለከተ፣ ከዚያ መኪናው ጥላ ሥር ገብቶ ተኛ። ጎተቱት፤ ተኛ። ለመኑት፤ ተኛ። ውሃ ደፉበት፤ ደስ ብሎት ተገላበጠ። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ከዋለው ፍጥረት ሁሉ አእምሮ የነበረው እሱ ብቻ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። መኩሪያ ግን ወዲያው ዝምድናውን ካደ። «ሳንጃም ሰፊ ነው፤ ሁሉን አላውቅም» አለ።

ሁለተኛው መብረቅ ይባላል። የአንድ የእርሻ ባለሀብት ፈረስ ነው፤ ለበዓሉ ከጭልጋ ደጋ ያስወረዱት። ቀይ ዘርፍ፣ ቢጫ ዘርፍ፣ ግንባሩ ላይ መስተዋት፣ አንገቱ ላይ ቃጭል... ፈረሱ ከዚህ ሁሉ ሥር የት እንዳለ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። መኩሪያ ሲያየው ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ፈረሱን እንዴት እንደመረመረው ልንገራችሁ? እንደ ሰሊጥ! ጋማውን ዘገን አደረገ፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየ፣ እፍ አለበት፣ አሸተተው። ትንሽ ቢቆይ ይቀምሰው ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ባዕድ ነገር የለበትም። እርጥበትም የለበትም። አንደኛ ደረጃ!»

«ይሄ ፈረስ እኮ ነው መኩሪያ፣ ጆንያ አይደለም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ጥሩ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው።» መብረቅን መረጠ።

ሦስተኛው ቱርቦ ነው። ቱርቦን ገንዳ ውሃ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሰዒድ ለሚባል ሰው ካሮ፣ ማለት ጋሪ፣ ይጎትታል። ጠዋት ገበያተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ቡሎኬት፣ ማታ ሰርገኛ ሲያመላልስ ይውላል። ካሮው ተፈትቶለት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ጀርባውን ሲያይ ግራ የገባው ይመስላል፤ ደጋግሞ ወደ ኋላው ይዞራል። ደረቱ ሰፊ ነው፣ እግሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱንም ለምዶታል። እኔ ቀረብ አልኩ... በጣም ሳልቀርብ። ሰዎች ከበቡኝ። የእንጅባራው ሰው ሊናገር ነው!

«ጥርሱን እየው እስኪ መምህር!» አለ ሰዒድ።

ጥርስ ማየት ለምን እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር። ቢሆንም ከርቀት አጎንብሼ አየሁ። ጥርስ ነው። ብዙ ነው። ቢጫ ነው።

«በጣም ጥሩ ጥርስ ነው» አልኩ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። በዚሁ ተበረታትቼ ስለ ትከሻው ስፋት፣ ስለ ሰኮናው ጥንካሬ፣ ስለ ቆላ አየርና ስለ ሳንባ ጂኦግራፊ ጨምሬበት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኩ። አይገርማችሁም? ማንም አልሳቀም። አንድ አዛውንት እንዲያውም «የተማረ ይግደለኝ!» አሉ። ቱርቦን መረጥኩ።

አራተኛዋ... አራተኛዋን ፈረስ ብዬ ልጥራት? ግራጫ ባዝራ ናት፤ ያረጀች፣ የጎድን አጥንቷ የሚታይ፣ ታችኛው ከንፈሯ የተንጠለጠለ። ጌታዋ አቶ ፈንቴ የሚባሉ የወሎ ሰው ናቸው። ለአጨዳ ወርደው ሥራው ስላለቀ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። የሚጋልቧትም ራሳቸው ናቸው፤ ኮርቻ የለም፣ የታጠፈ ጋቢ ብቻ። ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲሰፍር እንኳ ለማባረር አትቸኩልም።

ሐጅያ ጥላቸውን ዘርግተው መጡ፤ ሌሎቹን ሦስቱን ሳያዩ ወደ ባዝራዋ ጠቆሙ። «ይቺን።»

«ሐጅያ፣ በደንብ ይዩ እንጂ!» አልኩ አዝኜላቸው። «ይቺ እኮ ትራክተሩ ጋ የምትደርሰው ለፋሲካ ነው።»

«ግድ የለም። ይቺን ነው ያልኩ!»

መኩሪያና እኔ ፊታችንን አዙረን በሳቅ ፈረስን። ዛፏ ከሁለታችን አትወጣም! ሁለታችንም ሮጠን ትራክተሩ አጠገብ ሄደን ቆምን።

ትራክተሩ ክላክስ አደረገና ሩጫው ተጀመረ። መብረቅ እውነትም እንደ ስሙ ወጣ! ዘርፉ እየተውለበለበ፣ መስተዋቱ እያንጸባረቀ ሌሎቹን ጥሏቸው መጣ። መኩሪያ መዝለል ጀመረ። «በቃ! አልጋዬ ከዛፏ ሥር አይነሳም! ጥላዬ ናት!» እያለ ትከሻዬን ይደበድባል። የሚቀጥሉት አራት ወራት በዓይኔ ዞሩ... እሱ ከኒሟ ሥር ተንጋልሎ፣ እኔ ቆርቆሮው ውስጥ ስቀቀል።

ይኼኔ ነው ግመሎቹ የመጡት። ወደ ገበያ የሚነዱ ግመሎች በሜዳው ዳር በዝግታ እያለፉ ነበር። እኛ ልብም አላልናቸው፤ እዚህ ግመል ማለት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ማለት ነው። መብረቅ ግን የጭልጋ ልጅ ነው። በሕይወቱ ግመል አይቶ አያውቅም። ቆመ። አየ። አንደኛው ግመል አንገቱን አዙሮ አየውና አጉረመረመ። መብረቅ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በኋላ እግሩ ዞረና ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱም ወደ ጭልጋ! ጋላቢው አንገቱን አቅፎ «ኧረ ያዙልኝ!» ሲል ድምፁ እየራቀ ሄደ። ቃጭሉ ብቻ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።

«እርጥበት ነበረበት!» አለ መኩሪያ በቁጣ። «ጠርጥሬ ነበር!»

«የለበትም አላልክም?»

«ዘርፉ አሳሳተኝ እንጂ!»

እኔ ግን ወደ ሜዳው ዞርኩ፤ ቱርቦ ብቻውን እየመጣ ነበር! ባዝራዋ ገና ከማሳው ግማሽ አልደረሰችም፤ እየተራመደች ነው። የሳንጃው ተኝቷል። መብረቅ አገሩ ሊገባ ነው። ቱርቦ ደረቱን ነፍቶ፣ ሰዒድ ከላዩ ላይ እየጮኸ፣ አቧራውን እያስነሳ ወደ ትራክተሩ ቀረበ። ዛፏ የእኔ ናት! ጥላዬ! እንቅልፌ! ደስታዬ አናቴ ላይ ወጣና ከተመልካቹ መሀል ዘልዬ ወጥቼ ቀኝ እጄን ወደ ሰማይ ሰቀልኩ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገንዳ ውሃ ውስጥ ካሮ ለማስቆም ሰው ምን ያደርጋል? መንገድ ዳር ወጥቶ እጁን ያነሳል። ቱርቦ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ትምህርት ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ እጅ ያነሳ ሰው ካየህ ቁም። ፍጥነቱን ቀነሰ። ወደ ዳር ወጣ። ጎኑን ሰጥቶ፣ ፊቴ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትራክተሩ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስ ቦታ ላይ ነው!

«ሂድ! ሂድ እንጂ!» ሰዒድ በተረከዙ ይደበድበዋል። ቱርቦ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ለምን አልወጣም ብሎ መገረሙ ነው።

«መምህር፣ ውጣ!» ጮኸ ሰዒድ።

«የት?»

«ላዩ ላይ ነዋ! ሰው ካልተጫነ አይነቃነቅም! አንተ አይደለህ ያስቆምከው?»

«እኔ እንኳን...»

«የእንጅባራ ልጅ አይደለህ እንዴ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ አንዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። መኩሪያ አንድ እግሬን ያዘ፤ ተቀናቃኜ ነው እኮ፣ ግን እንዲህ ያለ ትርኢት እንዲያመልጠው አልፈለገም። ሌሎች ከታች ገፉኝ። በመጨረሻ በሆዴ፣ እንደ ሰሊጥ ጆንያ፣ ጭንቅላቴ በአንድ በኩል፣ እግሬ በሌላ በኩል ተንጠልጥሎ ቱርቦ ላይ ተጋደምኩ። የሕይወቴ የመጀመሪያ ግልቢያ!

ቱርቦ ጭነቱን ሲያገኝ ልቡ ረካና ተንቀሳቀሰ። ግን ጭነት ይዞ ማን ይሮጣል? ዕቃ ይሰበራል፣ እንቁላል ይፈሳል፤ ቱርቦ ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው። አንድ እግር... ሌላ እግር... ጉድጓድ ሲያይ ዞር ይላል። «አፍጥነው!» እላለሁ በሆዴ እንደተኛሁ። «ከነጭነቱ አይሮጥም!» ይለኛል ሰዒድ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

በዚህ መሀል ከፊቴ አራት ቀጫጭን ግራጫ እግሮች ሲያልፉ አየሁ። ቀና ብል አቶ ፈንቴ ናቸው። ጋቢያቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋላችሁ?» አሉን በትሕትና።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩ። ምን ልበል? ሰላምታ ነው።

ባዝራዋ በእርምጃ ትራክተሩ ጋ ደረሰች። አፏን ትራክተሩ የሚጎትተው ተሳቢ ውስጥ አስገብታ ጭድ መብላት ጀመረች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ በሆዴ ላይ ሆኜ ሁለተኛ ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ መኩሪያ ተስፋ አልቆረጠም ነበር። «ሐጅያ ዛፉን ምን ያደርጉታል? እርሳቸው ቤት ማራገቢያ አላቸው» ይለኛል። «ለሁለታችን ይተዉታል። በየሳምንቱ እየተቀያየርን እንተኛበታለን።» እኔም ተስማማሁ። በዓመታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተን በሩን ከፈትን።

የመኩሪያ አልጋ ግድግዳው ሥር፣ ፀሐዩ ላይ ቆሟል። ዛፏ ሥር ተጠርጓል። መሀል ላይ ካስማ ተተክሏል፤ አጠገቡ የማሽላ አገዳ ተከምሯል፣ በባልዲ ውሃ ቀርቧል። ባዝራዋን አቶ ፈንቴ ከኋላችን ይዘዋት ገቡ፤ ካስማው ላይ አሰሯት፣ ሐጅያን አመስግነው ተሰናብተው ሄዱ።

«ይሄ ካስማ መቼ ተተከለ?» አልኩ።

«ጠዋት» አሉ ሐጅያ።

«ከውድድሩ በፊት?»

«ታዲያ ማታ በጨለማ ልትከል? ባለፈው ገበያ ነው የገዛኋት። ለሱቄ ዕቃ ታመላልስልኛለች።»

መኩሪያ ወደ ካስማው ጠቆመ። «ከገዟት... ታዲያ ለምን አወዳደሩን?»

«እንዲያው ከዛፉ ተነሱልኝ ብላችሁ ታኮርፋላችሁ። አሁን ግን በገዛ አፋችሁ ሰጥታችሁኛል።»

«የእኛ ፈረስ ቢቀድምስ ኖሮ?»

ሐጅያ ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። «እናንተ የመረጣችሁት?» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

እንግዲህ አሁን ሙቀቱ ገብቷል። ባዝራዋ ኒሟ ሥር ሥጋ እየጨመረች ነው። መኩሪያና እኔ አልጋዎቻችንን ግድግዳው ጥግ ደርድረን፣ ቆርቆሮው የሚጥለውን ስስ ጥላ እየተከተልን ስንጎተት እንውላለን። ያቺ ስስ ጥላ ባትኖር አልቆልን ነበር። ታዲያ ትናንት ሐጅያ ጠሩኝ። ሰዒድ ካሮውን በባጃጅ ሊለውጥ ስለሆነ ቱርቦን እየሸጠ ነው። ፈረሱ በራችን ላይ ቆሟል፤ ሲያየኝ ወዲያው ጎኑን ሰጠኝ።

«መምህር፣ አንተ ፈረስ ታውቃለህ» አሉኝ ሐጅያ። «እስኪ ገምግምልኝ። ከገዛሁት እዚያ ግድግዳው ጥግ ነው የማስረው።»

ግድግዳው ጥግ! አልጋዬ ያለበት! የቀረችን ጥላ! እንዲህ ያለ ግምገማ በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም። ጥርሱን አየሁ፤ አጣጣልኩት። ትከሻውን አየሁ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ሳንባው ደካማ ነው፣ እጅ ባየ ቁጥር የሚቆም የማይረባ ፈረስ ነው ብዬ እንጅባራን ሁሉ ምስክር ጠራሁ።

ሐጅያ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ሰዒድ ዞሩ።

«መምህሩ አይረባም ብሏል» አሉት። «እገዛዋለሁ። ኸላስ!»